የሁለት ገበያ ዋጋና የአንድ ሽማግሌ እምቢታ

ሽማግሌ እምቢ ያለ ሰው ምን እንደሚደርስበት በልጅነቴ ያልሰማሁት የለም። ዘሩ አይባረክም፣ ከብቱ አይረባም፣ ዝናብ እንኳ ማሳው ጋ ሲደርስ ዞሮ ያልፈዋል ይሉ ነበር። እኔ ከብትም ማሳም የለኝም። ያለኝ ስዊድን አገር፣ ስቶክሆልም ዳር፣ ኖርስቦሪ በሚባል ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ አንድ ላፕቶፕና የማይታዘዙኝ ሁለት ጉልበቶች ናቸው። እርግማኑ መጥቶ የሚያርፍበት አጥቶ ይሆናል፣ እስካሁን ደህና ነኝ። ባለፈው የካቲት፣ በሰባ ስድስት ዓመቴ፣ በገዛ ሳሎኔ ውስጥ ሽማግሌ እምቢ አልኩ። ይህን የምጽፈው ንስሐ ለመግባት እንዳይመስላችሁ። ዛሬም ያው እምቢ እንዳልኩ ነኝ።

ታዬ እባላለሁ። ለሁለት ዓመት ትምህርት ብዬ መጥቼ፣ አገር ቤት መንግሥት ሲለወጥ እዚሁ ቀርቼ፣ ከባድ መኪና የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ በመሐንዲስነት ያረጀሁ ሰው ነኝ። የፋብሪካውን አክሲዮን ከደመወዜ እየቆነጠርኩ ስገዛ ኖሬያለሁ። ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ሸለሙኝ። ዓሣ አልወድም፤ ውኃም እፈራለሁ፤ ይህን በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንዱም አላስተዋለም። ባለቤቴ አልማዝ ካረፈች በኋላ ግን ቤቱ ዝም ሲልብኝ እኔም የማጠምደው ነገር ፈለግሁ። ያገኘሁት ኦፕሽን ነው።

አትደንግጡ፣ ቀላል ነው። ቀብድ ታውቁ የለ? ቤት ልትገዙ ስትስማሙ ቀብድ ትከፍላላችሁ። ሻጩ እስከተባለው ቀን ድረስ በተባለው ዋጋ ሊያስረክባችሁ ታስሯል። እናንተ ሐሳባችሁን ብትለውጡ ቀብዱ ይቀልጣል እንጂ ማንም አይከሳችሁም። ኦፕሽን ማለት ይኸው ነው። የኔው ደግሞ የመሸጥ ቀብድ ነው፤ አክሲዮኔ ድንገት ቢወድቅ በዱሮው ዋጋ የሚገዛኝ ሰው አስሬ አስቀምጣለሁ። ካልወደቀ የከፈልኩት ይቀራል። የእሳት ኢንሹራንስ ከፍሎ ቤቴ ሳይቃጠል ቀረ ብሎ የሚያለቅስ ሰው የለም።

ይህ ቀብድ ታዲያ አንድ ቦታ ብቻ አይሸጥም። የኔ ፋብሪካ ኦፕሽን ስቶክሆልም ገበያም ላይ፣ ጀርመን ገበያም ላይ ዋጋ ይወጣለታል። በየገበያው ሁለት ሁለት ቁጥር ይሰቀላል፤ አንዱ ገዢ የሚሰጠው፣ ሌላው ሻጭ የሚጠይቀው። አንዳንድ ቀን ስቶክሆልም ይረክሳል፣ አንዳንድ ቀን ጀርመን። ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ የአውቶቡስ ትኬት አይገዛም። ቢሆንም ማወዳደሩ ይጣፍጣል። አልማዝ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሆቶርዬት አደባባይ ያሉትን ፍራፍሬ ሻጮች ከዳር እስከ ዳር ዋጋ ሳትጠይቅ አንዲት ብርቱካን ገዝታ አታውቅም ነበር። ዞራ ዞራ የምትገዛው ከመጀመሪያው ነው። እኔ ዘንቢል ተሸክሜ «አንቺ ሴትዮ፣ እግሬ አለቀ» እያልኩ እከተላታለሁ። አሁን ጠዋት ገበያው ሲከፈት ሁለቱን ዋጋ ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን ከፍቼ ከአንዱ ወደ አንዱ እመላለሳለሁ። ሥራዋን ወረስኩ ማለት ነው፤ እግሬን ሳልጨርስ።

ልጄ ሶስና ግን ይህን ሁሉ አታውቅም። ሶስና ሆስፒታል ውስጥ የአረጋውያን ክፍል ነርስ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ የቤት ኪራይና የመብራት ክፍያዬን ስለምትከታተል የባንክ ሒሳቤን ታያለች። አንድ እሁድ ምሳ ይዛልኝ መጥታ፣ እኔ ወጥ ሳሞቅ፣ ክፍት ትቼው የነበረውን ላፕቶፕ አየች።

«ፓፓ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ገበያ ነው።»

«የምን ገበያ? እዚህ ጋ ዜሮ ነጥብ ሃምሳ ስምንት ይላል። አንተ ስድስት መቶ ዘጠና ነው የከፈልከው። ባንክህ ላይ አይቻለሁ!»

«ባንኬ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ፓፓ፣ መልስልኝ። ሃምሳ ስምንት ሳንቲም የሚሸጥ ነገር ስድስት መቶ ዘጠና ክሮነር ከፈልክ? ማነው የሚደውልልህ? የሚደውልልህ ሰው አለ?»

ቁጭ ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ። እኔ ግን በጭልፋው እያመለከትኩ፣ «ገንዘቡ የኔ ነው፤ ብፈልግ ለእርግብ እበትነዋለሁ!» አልኳት። እንግዲህ ፍረዱ፤ ይህ የአንድ ሽማግሌን የአእምሮ ጤንነት የሚመሰክር አነጋገር ነው? ወጡም አረረ።

በሳምንቱ ወረቀት ይዛ መጣች። ፍራምቲድስፉልማክት ይባላል፤ ስሙን አንብቦ ለመጨረስ መሐል ላይ መተንፈስ ያስፈልጋል። የወደፊት ውክልና ማለት ነው። አእምሮዬ የደከመ ዕለት በኔ ፋንታ ገንዘቤንም ቤቴንም የሚያስተዳድረውን ሰው ዛሬ፣ ጤነኛ ሳለሁ፣ ልሾም ነው ነገሩ። ክፋት የለውም፣ ብልህ ሰው ያደርገዋል። ክፋቱ ያ «የደከመ ዕለት» የሚባለው ዕለት በልጄ አቆጣጠር ያለፈው እሁድ መሆኑ ነው። የፈረምኩ ቀን ላፕቶፑም፣ የባንክ ቁልፉም፣ «ዛሬ ምን ልግዛ» የሚለውም ነገር ከእጄ እንደሚወጣ ገባኝ። አልፈርምም አልኳት። ስዊድን ውስጥ ትደግ እንጂ የኔ ልጅ ናት፤ ጠበቃ አልቀጠረችም። ሽማግሌ ላከችብኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጡ። አንደኛው ጋሽ ግርማ ናቸው፤ ከከተማው ደቡብ ጫፍ፣ ከዮርድብሩ ባቡር ቀይረው። ከኔ በሰባት ዓመት ስለሚበልጡ አንቱ የምላቸው፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ፣ ደግ ሰው። ሁለተኛው ከሰሜኑ ጫፍ፣ ከሶለንቱና የመጣው ዶክተር ሰይፉ ነው፤ ጓደኛዬ፣ የእርሻ ኢኮኖሚ ምሁር፣ ጡረተኛ። ሚስቱ ሳትቀር ዶክተር ነው የምትለው። በር ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ሽምግልና በካልሲ ሲሆን ግርማ ሞገሱ ትንሽ ይቀንሳል፤ የዶክተሩ አውራ ጣት ደግሞ በቀዳዳ ብቅ ብሎ ሁላችንንም ይታዘብ ነበር።

ሶስና ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሻይ ቀረበ፣ ስለ ብርዱ ተወራ፣ ስለ ጋሽ ግርማ ዳሌ ተጠየቀ። ከዚያ ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ ታዬ፣ ለምን እንደመጣን ታውቃለህ። ወጉን ታውቃለህና ከመስማታችን በፊት አንድ ነገር ስጠን። የምንላችሁን ትቀበላላችሁ?»

ወጉ ይኸው ነው። ሽማግሌ ፍርዱን ሳይሰጥ በፊት ባለጉዳዩ «እሺ» ይላል። ዳኛ እንኳ እንዲህ ያለ መብት የለውም። እኔ ደግሞ ልክ መሆኔን እርግጠኛ ነኝ፤ ከሁለቱም ቁጥር ጋር ለወራት ተኝቼ ተነሥቻለሁ።

«እቀበላለሁ» አልኩ፣ ሻዬን ፉት ብዬ። «እንዲያውም ላፕቶፑን ላምጣው።»

«አንቺስ ልጄ?» አሉ ጋሽ ግርማ።

«ያ፣ እሺ» አለች ሶስና፤ «ያ» በስዊድንኛ አዎ ነው።

ከዚያ ዐቃቤ ሕግ ሆና ተናገረች። ሃምሳ ስምንት ሳንቲሙን፣ ስድስት መቶ ዘጠናውን፣ እርግቡንም ጭምር። እርግቡ ላይ ስትደርስ ዶክተሩ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ነቀነቀ። ተራው የኔ ሲሆን ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩና የቀብዱን ነገር ለናንተ እንደነገርኳችሁ ነገርኳቸው።

«አሁን ሃምሳ ስምንቷን ተመልከቱ» አልኩ። «ዛሬም እዚያው ናት። ይቺ የጀርመን ናት። ጀርመን በምን ይገበያያል? በዩሮ። በክሮነር ስትመነዘር ስድስት ተኩል ገደማ ናት። የስቶክሆልሙ ስድስት ከዘጠና ነው። አንድ ኦፕሽን ደግሞ የመቶ አክሲዮን ነው፤ ስድስት ከዘጠና በመቶ ሲባዛ?»

«ስድስት መቶ ዘጠና» አሉ ጋሽ ግርማ፣ እንደ ተማሪ።

«እግዜር ይስጥልኝ።»

ሶስና ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። «ሜን... ግን ታዲያ ጀርመኑ ርካሽ ከሆነ ለምን ከዚያ አልገዛህም?»

«ለጀርመኑ ደላላው የሚወስደው ኮሚሽን ልዩነቱን ይበላዋል። አርባ ክሮነር ለማትረፍ መቶ ክሮነር አልከፍልም። ነው ወይስ አርጅቻለሁ?»

ጋሽ ግርማ ወደ ዶክተሩ ዞሩ። «ታዲያ ልጁ ምን አጠፋ?» አሉ። ልጁ እኔ ነኝ። ከተባልኩ ስንት ዘመኔ!

እዚህ ላይ ላፕቶፑን ዘግቼ «ሻይ ልጨምርላችሁ?» ብል ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር። ግን መርታት እንደ ጠጅ ነው፤ አንድ ብርሌ ላይ የሚያቆመው ጥቂት ሰው ነው። «ቆይ፣ ሥራዬን ላሳያችሁ» ብዬ ወንበራቸውን አስጠጋሁ።

በዚያው ሰዓት ገበያው ተናወጠ። ምን ወሬ እንደተሰማ አላውቅም፤ የፋብሪካዬ አክሲዮን መውረድ ጀመረ። አክሲዮን ሲወርድ የመሸጥ ቀብድ ይወደዳል። የስቶክሆልሙ ቁጥር ሰባት ሆነ፤ ሰባት ተኩል፤ ስምንት ከሃያ። ዘጠኝ። ዘጠኝ ከሰማንያ! ወደ ጀርመኑ ዞርኩ። ዜሮ ነጥብ ሃምሳ ስምንት። እንዳለ። ንቅንቅ የለም።

«ሰይፉ!» ብዬ ጮኽኩ። «ና እይ! የጀርመኑ ሻጭ ተኝቷል! ስቶክሆልም ላይ ወደ አሥር የተጠጋውን እሱ አሁንም በስድስት ተኩል እየሸጠው ነው!»

ዶክተሩ መነጽሩን ለወጠ። «ይህ... ይህ እኮ ነፃ ገንዘብ ነው!»

«ስንት ዘመን ስጠብቀው ነበር!»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ግዛ እንጂ! ስንት ትገዛለህ?»

«ሃያ።»

«ሃያ ምን ይሠራል? ለኔም ሃያ ጨምርልኝ። ነገ ገንዘቡን አስገባልሃለሁ።»

ሊያስፈርመኝ የመጣ ሽማግሌ ነው እንግዲህ ይህን የሚለው። የጀርመኑን በስልክ ስለሆነ የማዝዘው ደወልኩ። ስዊድን ነውና ወረፋ ያዝኩ፤ የሴት ድምፅ ቦታዬን ነግራኝ ሙዚቃ ከፈተችልኝ። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «በገበያው ዋጋ ግዛልኝ ነው የምለው» አልኩ፣ «በዋጋ ስከራከር እንዳያመልጠኝ።» ዶክተሩ በካልሲው ወዲያ ወዲህ ይላል። ጋሽ ግርማ ሻያቸውን ረስተውታል። ወረፋው አጠረ። በልቤ አልማዝን «አየሽ?» እላታለሁ።

«ፓፓ፣ ቬንታ። ቆይ።»

ሶስና ናት። ጣቷ ስክሪኑ ላይ ነው፣ ከጀርመኑ ቁጥር በታች፣ እኔ መነጽሬንም አድርጌ አንብቤው የማላውቀው ደቃቅ ጽሑፍ ላይ።

«ይዘገያል ይላል። ይሄ ዋጋ አሥራ አምስት ደቂቃ የቆየ ነው።»

መነጽሬን አስተካክዬ ጎንበስ አልኩ።

አየሁት። እውነቷን ነው። የጀርመኑን ዋጋ የማየው በነፃ ነው፤ በነፃ የሚሰጡኝ ደግሞ አሁን የሚሉትን ሳይሆን ቅድም ያሉትን ነው። ሻጩ አልተኛም። ዋጋው እዚያም ሰማይ ወጥቷል፤ ወሬው ለኔ አልደረሰኝም እንጂ። ከመኸር ጀምሮ ስቶክሆልምን ከነትኩሱ፣ ጀርመንን ከነአዳሩ ሳወዳድር ከርሜያለሁ። «ዛሬ እዚያ ይረክሳል፣ ዛሬ እዚህ ይወደዳል» እያልኩ የተደነቅሁበት ልዩነት ምን ያህሉ ልዩነት፣ ምን ያህሉ መዘግየት እንደነበረ እግዜር ይወቅ። ሠላሳ ዓመት መለኪያ ሳስተካክል የኖርኩ መሐንዲስ! በዚያ ላይ «በገበያው ዋጋ» ብዬ አርባ ኦፕሽን ላዝዝ ነበር፤ በስድስት ተኩል ነው ብዬ ባሥር ሊሸጡልኝ።

ሙዚቃው ተቋረጠ። «ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልርዳዎት?» አለ አንድ ወጣት በስዊድንኛ።

«ይቅርታ፣ ቁጥር ተሳስቼ ነው» ብዬ ዘጋሁት።

ሰይፉ መነጽሩን አወለቀ። ፊቱ ቀልቷል። አንድ ሰው ሲያፍርና ያሳፈረው ሰው አጠገቡ ሲኖር ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ እፍረቱ ተገልብጦ ቁጣ ይሆናል።

«ይኸው!» አለ። «የፈራነው ይህንን ነበር! ልጅቷ ባትኖር ዛሬ ምን ይውጥህ ነበር? በል አሁን ገለል በሉልን፣ እንመካከር።»

ወጉ ነውና ባለጉዳይ ይወጣል። ወዴት ልውጣ? የቤቱ ባለቤት እኔ! ካፖርቴን ደርቤ ባልኮኒ ወጣሁ። ሶስናም ባለጉዳይ ናትና ተከተለችኝ። በመስታወቱ በኩል ሁለቱ ሲማከሩ ይታዩናል። ዶክተሩ ይናገራል፣ ጋሽ ግርማ ወለሉን ያያሉ። ከበረዶው ባሻገር ባቡሩ ጣቢያው ገብቶ ቆመ። ኖርስቦሪ የቀዩ መስመር መጨረሻ ናት፤ እዚህ ሲደርስ «መጨረሻው ነው፣ ሁሉም ይውረድ» ይላል። እንኳን እንዲህ ባለ ቀን፣ በደህናውም ቀን ደስ የሚል ንግግር አይደለም።

«በርዶሃል?» አለች ሶስና።

«እሳት ውስጥ ነኝ።»

እጇን ኪሷ ከተተች። «ፓፓ፣ እኔ ሥራ ቦታ በየቀኑ ነው የማየው። በስልክ አታለው ቤቱን ያሸጡት ሰው አለ። ሁሉን ሰጥቶ የሰጠውን የማያስታውስ አለ። ልጆቻቸው የሚመጡት ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ እኔ ላይ ያለቅሳሉ። እኔ ካለቀ በኋላ መምጣት አልፈለግሁም።»

«እና ሳይጀመር መጣሽ።»

ሳቀች፤ አፍንጫዋን በመዳፏ እየጠረገች። «ዛሬ ግን ተሳስተህ ነበር።»

«ተሳስቻለሁ።»

«ልትገዛ ነበር።»

«ነበር። አንቺስ ዩሮን ክሮነር ነው ብለሽ ሁለት ሽማግሌ ከከተማው ዳርና ዳር አልጠራሽም?»

«ሄሬጉድ» አለች፤ «የፈጣሪ ያለህ» እንደማለት ነው። ከዚያ በሩ ተንኳኳ። ግቡ ተባልን። ወደ ገዛ ቤቴ።

ዶክተሩ ተነሥቶ ቆመ። «ያየነውን አይተናል። ታዬ፣ ጭንቅላትህ ጥሩ ነው፤ ግን ዕድሜ ዕድሜ ነው። ውክልናውን ትፈርማለህ። ሶስና ደግሞ ሥራም ልጆችም አሉባት፣ ይህ የሴት ልጅ ሸክም አይደለም። እኔ በሙያዬ ኢኮኖሚስት ነኝ። ስለዚህ ወረቀቱ በኔ ስም ይሆናል። ኮምፒዩተሩም እስከ ፋሲካ እኔ ዘንድ ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ እናያለን።»

«በማን ስም?» አለች ሶስና።

«በኔ፣ የኔ ልጅ። ላንቺ ብዬ ነው።»

ላፕቶፑን ወደ ራሴ ሳብኩት።

«እምቢ» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«እምቢ አልኩ። አልፈርምም፣ ኮምፒዩተሩም ከዚህ ቤት አይወጣም።»

«ቃል ገብተሃል እኮ! ገና ሳንጀምር እቀበላለሁ ብለሃል!»

«ቃል የገባው ልክ ነኝ ብሎ የተኮፈሰው ታዬ ነው። አሁን የሚያናግርህ የተሳሳተው ታዬ ነው፤ እሱ ቃል አልገባም።»

«ታዬ! ሽማግሌ ትረግጣለህ?»

«ሽማግሌማ እኔም ነኝ፤ ረገጥክ ካልከኝ ራሴንም ረግጫለሁ። ስማኝ ሰይፉ። እኔ ዛሬ ተሳስቻለሁ፣ አልክድም። አሥራ አምስት ደቂቃ የዘገየ ዋጋ አይቼ ጮኼያለሁ። አንተስ «ለኔም ሃያ ጨምርልኝ» ስትል የዘገየው ምንህ ነበር? አንተን ማን ያስፈርምህ? ሚስትህ ሽማግሌ ትላክብህ?»

ጋሽ ግርማ ሳል ያዛቸው። ሳል መሆኑን እጠራጠራለሁ።

ዶክተሩ ወደ ሶስና ዞረ። «ልጄ፣ ሰማሽው? አንቺ እንኳ በሚገባ...»

«እኔም እምቢ» አለች ሶስና። አጠገቤ መጥታ ቆማለች። «ያባቴን ነገር በሌላ ሰው ስም አላደርግም። እኔ የጠራኋችሁ እንድትመክሩት ነው፣ እንድትወስዱት አይደለም። ይቅርታ ጋሼ።»

ሰይፉ ካፖርቱን ሲለብስ እጅጌው ጠፋበት። ጫማውን ሳያስር ወጣ፤ ደረጃውን ሲወርድ ማሰሪያው ሲጎተት ይሰማኝ ነበር። ጋሽ ግርማ ከኋላ ቀሩ። ግድግዳውን ተደግፈው ጫማቸውን ሲያጠልቁ ክንዳቸውን ያዝኩላቸው።

«ተቀየሙኝ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ሽማግሌ እምቢ አይባልም» አሉኝ በዚያ በማይሰማው ድምፃቸው። ቀጥለውም፣ «እኔን ልጆቼ አምና አስፈረሙኝ። እሺ አልኩ። አሁን ለባቡር ካርዴ መሙያ እንኳ ደውዬ እጠይቃለሁ» ብለው ባርኔጣቸውን አጠለቁ።

እንግዲህ የሆነው ይኸው ነው። አለመግዛቴ በጀኝ፤ አስቀድሜ የያዝኳት ያቺ የስድስት መቶ ዘጠና ኦፕሽንም በዚያ ሳምንት ሥራዋን ሠራች። ይህን ግን ለጉራ አልጠቅሰውም፤ እሷ ባትሠራም ኖሮ መልሴ ያው ነበር። እሱ ነው የኋላ ኋላ የገባኝ። ከዚያ ቀን በፊት ጠዋት ጠዋት ሁለቱን ገበያ የማወዳድረው ለራሴ ምስክር ፍለጋ ነበር፤ «አየህ፣ ዛሬም አልሳትክም፣ ስለዚህ ዛሬም ያንተ ሰው ነህ» ለማለት። ራሴን የማስተዳድረው ልክ እስከሆንኩ ድረስ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ልክ በነበርኩባቸው ቀናት ሰዎች ደስ እንዲላቸው ብዬ እሺ ስል ኖሬ፣ በሕይወቴ ትልቁን እምቢ ያልኩት ሽማግሌ ፊት፣ ልጄ ፊት፣ በተሳሳትኩበት ቀን ነው።

ዋጋ ከፍያለሁ። ሰይፉ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሲያየኝ ፊቱን ወደ ዛፎቹ ያዞራል። የአርባ ዓመት ጓደኛዬ ነው፤ ይናፍቀኛል። ሄጄ ግን ይቅርታ አልጠይቅም። ለጮኽኩበት ድምፅ ምናልባት፤ ላልኩት ቃል በጭራሽ።

ወረቀቱን በሰኔ ፈረምኩት። አዎ፣ ፈረምኩት፤ አትሳቁ። ሶስናን ራሴ ጠርቼ፣ በራሴ ጊዜ፣ በሷ ስም። አንድ አንቀጽ ግን አስገብቻለሁ፤ ደክሟል የሚለው ሐኪም ነው፣ እሱም መርምሮኝ፤ እሁድ ወጥ ይዞ የመጣ ሰው አይደለም። እስከዚያ ድረስ የባንክ ሒሳቤን የምታየው እኔ ሳሳያት ነው። አንብባ አንብባ «ጨካኝ ነህ» አለችኝና ምስክሮቹን ራሷ ጠራች።

እናንተ ልጆች፣ ወላጃችሁ ሲሳሳት ብታዩ ደቃቁን ጽሑፍ በጣታችሁ አሳዩት፤ ስክሪኑን አትንጠቁት። እናንተ እኩዮቼ ደግሞ፣ ልጆቻችን ስለወደዱን ብቻ ሁሉን እሺ አትበሉ። መውደዳቸውን ተቀበሉ፤ ወንበራችሁን ግን አትልቀቁ። ምላስ እያለ እምቢ ማለት ይለመድ፤ ከባድ የሚመስለው የመጀመሪያው ነው።

ባለፈው ሳምንት ሶስና መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አሁን ለጀርመኑም ትኩስ ዋጋ በየወሩ እከፍላለሁና ሁለቱን ገበያ አብረን አየን። ላዝዘው ያሰብኩትን ስነግራት ቅንድቧን ሰበሰበች።

«ፓፓ፣ ይሄ ውድ ነው። ጠብቅ። ትሳሳታለህ።»

«ልሳሳታ» አልኳትና ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳረፍኩ። «ስህተቱም የኔ ነው።»